ሠርቶ ማሳያውን ማን ይጠብቀዋል?

ኢትዮጵያ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ገበሬዋን ያስተማረችው ከሁሉ በላይ በማሳየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው መርሐ ግብር ወደ አገሪቱ ሲገባ፣ ግማሽ ሄክታር ገደማ በምትሆን ማሳ ላይ ገበሬው ምርጥ ዘሩንና ማዳበሪያውን በገዛ እጁ እንዲሠራበት አደረገ፤ ጎረቤትም መጥቶ እንዲያይ ተጋበዘ። መንግሥት ከሁለት ዓመት በኋላ ሐሳቡን ወስዶ አገር አቀፍ የኤክስቴንሽን ሥርዓት አቆመበት። ሞዴል አርሶ አደር፣ አንድ ለአምስት የሚባለው የገበሬዎች አደረጃጀት፣ በየቀበሌው ያለው የማሰልጠኛ ማዕከል ሠርቶ ማሳያ፣ ሁሉም ከዚያው ግንድ የበቀሉ ናቸው። የልማት ሠራተኛው ያሳያል፤ ሞዴሉ ይቀዳል፤ ሌላው ከሞዴሉ ይቀዳል። በ2006 ዓ.ም. 8028 የተባለው የስልክ መስመር ምክሩን ወደ ገበሬው ስልክ አስገባው። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ደግሞ ገበሬ ለገበሬ የሚያሳይባቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች ለዓመታት ሲያዘጋጅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ፋርመር ቻት የሚባል፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመልስ ረዳት ይዞ መጥቷል። እንዲህ ያለው ረዳት በሰሜን ወሎ፣ በቆቦና በራያ ቆላ ገበሬ ዘንድ በሰፊው የሚደርስበት ቀን ሩቅ አይመስለኝም። ያኔ በማየት ሲማር የኖረው ገበሬ፣ እሱም በማየት የተማረ ሌላ አማካሪ ይገጥመዋል። የነዚህ ረዳቶች አንጎል የሆነው የቋንቋ ሞዴል መጀመሪያ የሚሠለጥነው ሰው የጻፈውን እየተከተለ ቀጣዩን ቃል መገመት በመለማመድ ነው፤ ቀጥሎም ሰዎች ያዘጋጁለትን የጥሩ መልስ ናሙና እያየ ይታረማል። ሁለቱም መምሰል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምሟገትለት ነገር አንድ ነው፦ በመምሰል የሚማር ማሽን ደኅንነቱ ያለው ምሳሌዎቹ ላይ ነው፤ ምሳሌውን የነካ ማሽኑን ነክቷል፤ ምሳሌው በሳሳ ቁጥር መንካቱ ይረክሳል፤ ስለዚህም አደጋው ቀድሞ የሚደርሰው እንደ አማርኛ ባለ ቋንቋና እንደ ቆቦ ባለ ቦታ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት መምሰል ምን እንደሚወርስና ምን እንደማይወርስ መለየት ያሻል። ፕላቶን በሜኖን ምልልሱ ላይ ሶቅራጥስን አንድ ጥያቄ ያስነሳዋል። ወደ ላሪሳ የሚወስደውን መንገድ በእውነት የሚያውቅ ሰውና መንገዱን በትክክል የገመተ ሰው፣ ሁለቱም ተጓዡን እኩል ካደረሱት ልዩነታቸው ምንድን ነው? የሶቅራጥስ መልስ፣ ትክክለኛ ግምት በምክንያት ካልታሰረ ይሸሻል የሚል ነው። የሚመስል ማሽን ያለው እንዲህ ያለ ያልታሰረ ግምት ነው። ድርጊቱን ይወርሳል፤ ድርጊቱን የወለደው ምክንያት ግን በሠርቶ ማሳያው ላይ አይታይምና አይወርሰውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደ ሃን፣ ጃያራማንና ሌቪን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። መኪና መንዳትን ሰው እያየ የሚማር ማሽን፣ ነጂው ፍሬን በረገጠ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራውን መብራት የፍሬኑ ምክንያት አድርጎ ሊይዛት ይችላል። መብራቷ ባትታየው ኖሮ መንገዱን ለማየት ይገደድ ነበር፤ ስለታየችው ግን መንገዱን ተወ። ብዙ ማየት እዚህ ላይ ጎዳው እንጂ አልጠቀመውም።

ይህን ወደ ራያ እናምጣው። በቆቦ ሜዳ ገበሬው ከምዕራቡ ደጋ በጎሊናና በሆርማት የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። ጠለፋውን መቼ እንደሚከፍት የሚወስነው ደጋው ላይ የጠቆረውን ሰማይ አይቶ፣ የወንዙን ድምፅ ሰምቶ፣ ከውኃ አባቱ ጋር ተመካክሮ ነው። ሥራውን በካሜራ ቀርጸን ለማሽን ብናሳይ ግን ካሜራው የሚይዘው አካፋና ዶማ የያዙ ሰዎች ወንዝ ዳር መሰብሰባቸውን ነው። ማሽኑ የሰዎቹን መሰብሰብ የጎርፉ ምልክት አድርጎ ቢይዝ፣ በፈተና ቀን ከገበሬው እኩል ይመልሳል፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይገኛሉና። ጉድለቱን ማንም አያየውም። ይህን ማሽን ማሳሳት የፈለገ ሰው ግን ጎርፍ ማምጣት አያስፈልገውም፤ ጥቂት ሰዎችን ወንዝ ዳር ማቆም ይበቃዋል። የዕውቀት ጉድለት የነበረው ነገር የደኅንነት ቀዳዳ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ማሽኑ ምክንያቱን ይዞ ቢሆን ኖሮ ሊያታልለው የፈለገ ሰው ምክንያቱን ራሱን መለወጥ ነበረበት፤ ምልክቱን ብቻ ስለያዘ ግን ምልክቱን ማስመሰል በቂ ሆነ።

ሌላው ቀዳዳ ያልታየው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ዲን ፖመርሎ የሠራው አልቪን የሰውን አነዳድ እያየ መንዳት የተማረ ማሽን ነበር። ሥራው ገና ሲጀመር አንድ ችግር ወጣ፤ ጥሩ ነጂ ከመንገድ ስለማይወጣ፣ ከመንገድ የወጣ መኪና እንዴት እንደሚመለስ አያሳይም። ፖመርሎ መኪናው ወደ ጎን የተንሸራተተ የሚያስመስሉ ምስሎችን ፈጥሮ መጨመር ነበረበት። ስቴፋን ሮስና ድሩ ባግኔል በኋላ እንዳሳዩት፣ የሚመስል ማሽን አንዴ ካየው መንገድ ሲወጣ የትንሿ ስሕተት ውጤት ከጉዞው ርዝመት ጋር በካሬ ሊያድግ ይችላል። በራያ ቆላ ጉዞው ሙሉ የምርት ዘመን ነው። ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ በበልጉ ዝናብ ሚያዝያ አካባቢ ይዘራል፤ በልጉ ከቀረ ገበሬው ሐሳቡን ለውጦ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዞ ወደ ክረምቱ ይሻገራል። ያ ውሳኔ የሚወሰነው በክፉ ዓመት ነው፤ ሠርቶ ማሳያ የሚዘጋጀውና የሚቀረጸው ግን አዝመራው በሠመረበት ዓመት፣ መሬቱና አቅሙ ደህና በሆነ ሞዴል ገበሬ ማሳ ላይ ነው። የ2007 እና የ2008 ዓ.ም. ድርቅ፣ በ2013 ዓ.ም. መባቻ ራያን የወረረው የበረሃ አንበጣ፣ እነዚህ በምሳሌዎቹ ክምር ውስጥ ቦታቸው ጠባብ ነው። ተንኮለኛ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ያልታየ ጥግ ነው፤ ማሽኑ በልበ ሙሉነት የሚናገርበት፣ ግን አንድም ጊዜ ያላየበት ጥግ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ቅን ምሳሌዎች ነው። ምሳሌው ራሱ ሲመረዝ ነገሩ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመንገድ ምልክት የሚለይ ማሽን አሠልጥነው፣ ከምሳሌዎቹ መካከል ቢጫ ወረቀት የተለጠፈባቸውን የ«ቁም» ምልክቶች በውሸት ስም ጨመሩ። ማሽኑ ንጹሑን ምልክት በትክክል ያነባል፤ ቢጫዋ ወረቀት ስትለጠፍ ግን «ቁም» የሚለውን የፍጥነት ወሰን ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ተመራማሪዎች ደግሞ በጥያቄው ውስጥ ዓመቱ 2023 ሲባል ደህና ኮድ የሚጽፍ፣ 2024 ሲባል ግን ቀዳዳ ያለበት ኮድ የሚጽፍ ሞዴል ሆን ብለው አሠለጠኑ። ከዚያም በተለመደው የደኅንነት ሥልጠና ሊያጠሩት ሞከሩ፤ ክፉው ጠባይ አልጠፋም። እንዲያውም መጥፎ ጠባዩን አነሣሥቶ ለማረም የተደረገው ሥልጠና፣ ሞዴሉ ምልክቱን አጥርቶ እንዲለይና በሌላ ጊዜ እንዲደበቅ አደረገው።

የራያ ገበሬ ይህን ባሕርይ አቀንጭራ በሚባለው ጥገኛ አረም ያውቀዋል። የአቀንጭራ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አንዲት ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩ ከአሥር ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሳይበቅልና ሳይሞት ይቆያል። ዝናብ ብቻውን አያስነሣውም። የሚነሣው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ስትሪጎላክቶን የተባለ ቅመም ሲደርሰው ነው፤ ያኔ በቅሎ ከሥሩ ይጣበቃል፤ ጉዳቱንም በአብዛኛው የሚያደርሰው ገና ከመሬት በላይ ሳይታይ ነው። ማሳውን ቆሞ የሚያይ ሰው ንጹሕ መሬት ያያል። ገበሬው አረሙን አይቶ ሲነቅል ማሽላው ተጎድቷል፤ አበባው ከደረሰም ዘሩ ተበትኗል። የተመረዘ ሞዴልም ምልክቱ እስኪመጣ ድረስ በፈተና ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ምልክቱ ሲመጣ የሚታየውን ጠባይ መንቀልም ከሥር ያለውን አያነሣም። መፍትሔውም ከአቀንጭራ ይማራል። ለዚህ ጥገኛ ተክል ከተገኙት መልሶች ታላቁ የመጣው ከአረም ነቀላ አይደለም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ኢትዮጵያዊ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሥራቸው ያን ቀስቃሽ ቅመም እምብዛም የማይሰጥ የማሽላ ዝርያዎችን አወጡ። ከመካከላቸው ጎብዬ የሚባለው ዝርያ ከቆቦ በስተደቡብ ካለችው ከጎብዬ ከተማ ጋር ስሙን ይጋራል። ጥበቃው በዝርያው አፈጣጠር ውስጥ ገባ፤ ከተዘራ በኋላ የሚደረግ ማጽዳት አልሆነም። ሆኖም ብዙ ገበሬ እነዚያን ዝርያዎች በሰፊው አልያዛቸውም፤ አገዳቸው አጭር ነው፤ የራያ ሰው ደግሞ ከማሽላው እህል ብቻ ሳይሆን የከብት መኖ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ይፈልጋል። ይህን ማለፍ አልፈለግሁም፤ የማሽን ደኅንነት የሚያቅዱ ሰዎችም ሊያስቡበት ይገባልና። ሰዎች ከመሣሪያው የሚፈልጉትን የሚነፍግ ጥበቃ ተጥሎ ይቀራል።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ የብዛት ነው፤ ንጹሕ ምሳሌ ከበዛ ጥቂቱ መርዝ ተውጦ ይጠፋል ይባላል። ለረጅም ጊዜ እውነት ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አንትሮፒክ፣ የብሪታንያ የኤአይ ደኅንነት ኢንስቲትዩትና የአለን ቱሪንግ ኢንስቲትዩት ያወጡት ጥናት ግን ከ600 ሚሊዮን እስከ 13 ቢሊዮን ፓራሜትር ባላቸው ሞዴሎች ላይ 250 ያህል የተመረዙ ሰነዶች ስውር በር ለመክፈት እንደሚበቁ አሳየ። ትልቁ ሞዴል ከትንሹ በሃያ እጥፍ የሚበልጥ ጽሑፍ አንብቦ እንኳ ቁጥሩ አልተለወጠም። በርግጥ ጥናቱ የፈተነው ጠባይ ቀላል ነበር፤ ምልክቱ ሲመጣ ሞዴሉ ትርጉም የለሽ ቃላት እንዲዘላብድ ማድረግ ብቻ። ከዚያ በላይ ስላለው ተንኮል ከዚህ ጥናት መደምደም አይገባም። ግን ብዛት ራሱ ጋሻ ነው የሚለውን እምነት ለማናጋት ይበቃል። ኒኮላስ ካርሊኒና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳሳዩት፣ ጊዜያቸው ያለፈባቸውን የድረ ገጽ ስሞች በ60 ዶላር ገዝቶ በዘመኑ ከታወቁት ግዙፍ የምስል ክምችቶች 0.01 በመቶውን መመረዝ ይቻል ነበር። አሁን የእኛን ሁኔታ እናስብ። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ገደማ ነው። ስለ ራያ ማሽላ፣ ስለ ቆቦ ጠለፋ በአማርኛ የተጻፈው ደግሞ ከዚያም የሚጠብ ቁንጽል ነው። እንግሊዝኛው ላይ 250 ሰነድ የውቅያኖስ ጠብታ ነው፤ እዚህ ግን በአንድ ጉዳይ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። አጥቂው መደበቅ እንኳ አያስፈልገውም፤ የርእሱ ዋና ጸሐፊ እሱ ይሆናል።

ቆቦን ለማጥቃት ማን ይደክማል የሚል ሌላ ተቃውሞም አለ። ጥያቄው አጥቂን ሁሉ ሩቅ አገር ያለ የተራቀቀ ወንበዴ አድርጎ ያስባል። ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ የተከማቸበት ነጋዴ፣ ምርጥ ዘር ብሎ ተራ እህል የሚሸጥ ሰው፣ የማሽላ ዋጋ ወድቆ ገዝቶ ማከማቸት የሚፈልግ ደላላ፣ ሁሉም ገበሬው የሚሰማውን ምክር በጥቂቱ ቢያዘነብሉት ይጠቀማሉ። ለዚህ ደግሞ ማሽን መስበር አያሻቸውም፤ ማሽኑ የሚቀዳበትን ቪዲዮ ወይም ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ አንድ ሞዴል ገበሬ ማባበል ይበቃቸዋል። ራያ ጦርነት ያለፈበት፣ የአስተዳደር ወሰኑም የሚያወዛግብ አካባቢ መሆኑን ስንጨምር የመመረዝ ፍላጎት የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። ዓለምም ለእኛ ቋንቋዎች ያለው ትኩረት ምን ያህል እንደሆነ ታይቷል። የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ለብሪታንያ ፓርላማ ስትመሰክር፣ ኩባንያው በኢትዮጵያ ካሉት ዋና ዋና ቋንቋዎች የጥበቃ ሥርዓት ያለው ለሁለቱ ብቻ መሆኑን ተናግራለች። እ.ኤ.አ. በ2023 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂፒቲ 4 የተባለው የቋንቋ ሞዴል በእንግሊዝኛ እምቢ የሚላቸውን ጎጂ ጥያቄዎች እንደ ዙሉና ጓራኒ ወዳሉ ጥቂት ጽሑፍ ወዳላቸው ቋንቋዎች ተርጉመው ሲያቀርቡ፣ ቋንቋዎቹ ተደማምረው ሲሞከሩ 79 በመቶ ጊዜ ጥበቃው ታለፈ። እምቢታም ከምሳሌ የሚቀዳ ነገር ነው፤ በአንድ ቋንቋ እምቢ ሲባል ያላየ ማሽን በዚያ ቋንቋ እምቢ ማለትን በቅጡ አይማርም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ተቃውሞ ነው። የራያ ገበሬስ የተማረው አባቱን እየመሰለ አይደለምን? በመምሰል የተላለፈ ዕውቀት ይህን ቆላ ለዘመናት አኑሮታል፤ ታዲያ መምሰልን እንዴት ደካማ ዘዴ እንለዋለን? እውነት አለው። ልዩነቱ የሚመስለው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ልጁ የአባቱን እጅ ሲያይ የአባቱን ጎተራም ያያል፤ አባቱ የሠራው ስሕተት በዚያው ዓመት ከእርሱም መሶብ ያጎድላል። ያልገባውን ይጠይቃል። ከአባቱ ሌላ አጎቱን፣ የማሳ ጎረቤቱን ያያል፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል። አባቱ ራሱ የሚያሳየው ሊያስተምር ብሎ እንጂ ሊሸጥለት አይደለም። ማለትም የሰው መምሰል በውጤት፣ በጥያቄ፣ በብዙ አስተማሪና በጋራ ዕጣ የታጠረ ነው። ማሽኑ ከእነዚህ አራት አጥሮች አንዱም የለውም። ከእርሱ ምክር በኋላ ማሳው ምን እንደሆነ አያይም፤ መልሱ ቢያሳስት የሚራበው እርሱ አይደለም። ስለዚህ የገበሬው ትውፊት መምሰልን በራሱ አያስመሰግንም፤ መምሰል ያለ አጥር እንደማይሠራ ያስረዳል። በሞዴል አርሶ አደር የተመራው ኤክስቴንሽንም ያለ ማሽን እንኳ የዚህን ዋጋ ከፍሏል፤ የተመረጠው ሰው መሬትና አቅም ሲለይ፣ ያሳየው ውጤት በቀዳው ጎረቤት ማሳ ላይ አልተገኘም።

የማሽኑን ዘርፍ የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ ሰውን የሚመስል ማሽን ከሰው አይከፋም፤ በራሱ ግብ የሚመራውን ማሽን እንፍራ ይላሉ። ከሁለቱ የመጀመሪያው የሚሻል መሆኑን እቀበላለሁ። ግን የሰው ቅጂ የሰውን ድክመት ይወርሳል፤ ሰውየው ድክመቱን የሚሸፍንበትን ነገር ግን አይወርስም። አንድን የልማት ሠራተኛ በአንድ ዘዴ ደጋግሞ ማታለል አይቻልም፤ በሦስተኛው ይነቃል፣ ለባልደረባውም ይነግራል። ቅጂውን አጥቂው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሺህ ጊዜ ይሞክረዋል፤ ቅጂው ያለፈውን ሙከራ አያስታውስም። ከሺሁ አንዷ ስትሠራ ደግሞ በየቀበሌው ባለው ስልክ ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ ትሠራለች። ሰውን ያህል ብልህ መሆን የሰውን ያህል ጠንካራ መሆን አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሚመለከታቸው ተቋማት ነው፤ ለኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት፣ ለግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት፣ ለስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል። ለገበሬ ምክር የሚሰጥ ማሽን ሲፈቀድ እያንዳንዱ ሠርቶ ማሳያ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው መሬት፣ በየትኛው ዓመትና ዝናብ እንደተሠራ፣ ማን እንደከፈለበት የሚገልጽ መዝገብ ይኑረው፤ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ይሁን። ተጠቃሚዎች የሚናገሩት ሳይመረመር ተመልሶ ወደ ሥልጠናው አይግባ። የበልግ መቅረት፣ አንበጣና አቀንጭራ ያሉባቸው ክፉ ዓመታት ሆን ተብለው ወደ ምሳሌውም ወደ ፈተናውም ይጨመሩ። ማሽኑ ምክር በሰጠ ቁጥር ምክንያቱንና የተማረበትን ማሳ ይናገር፤ ገበሬውም ሄዶ ማየት ይችል ዘንድ። ይህ ወጪ አለው፤ ሥራውንም ያዘገያል። ነገር ግን አንድ የማሽላ ዝርያ ለራያ ገበሬ ከመሰጠቱ በፊት በስሪንቃና በቆቦ የሙከራ ማሳዎች ላይ ለዓመታት ይፈተናል። ያንኑ ዝርያ መቼና እንዴት እንደሚዘራ ለገበሬው የሚነግረው ማሽን ከዘሩ ያነሰ ፈተና አልፎ ወደ ማሳው ሊገባ አይገባም።